የደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ታሪክና የሰገነይቲው አመፅ አነሣሥ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ የአንድን ሰው ሥራ መዝኖ ለመፍረድ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ የነገሩን መነሻ መመርመር ይገባዋል። ነገር ግን መነሻው ራሱ በሁለትና በሦስት አፍ የሚነገር ሲሆን ምን ይደረጋል? ይህን ጥያቄ ያሳደረብኝ በታሪክ ትምህርት ሰዓት በክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። ስለ ዐድዋ ድል ስንማር፣ ከድሉ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያህል አስቀድሞ፣ በ1887 ዓ.ም.፣ ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ የሚባሉ የአካለ ጉዛይ ሹም በኢጣልያኖች ላይ እንደ ተነሡ ሰማን። ወዲያው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ የተነሡት የወገናቸው መሬት ስለ ተነጠቀ ነው አለ፤ ገሚሱ ደግሞ የለም፣ ከትግራይ በመጣ መልእክት ተገፋፍተው ነው ሲል ተከራከረ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳነብና ስጠይቅ ቆይቼ የተረዳሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች በዚህ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ለማቅረብ ወደድሁ።

ባሕታ ሐጎስ የተወለዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በምትገኘው በሰገነይቲ ነው። ሰገነይቲ ከአስመራ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ የተቆረቆረች፣ በትልልቅ የሾላ ዛፎቿ የታወቀች ከተማ ናት። በዚያ ዘመን አገሩ መረብ ምላሽ ይባል ነበር። ሕዝቡ መሬቱን የሚይዘው ከአያት ከቅድመ አያት በተወረሰ ርስት ሲሆን፣ ግብሩን የሚገብረው ከመረብ ማዶ ለሚሾሙት መሳፍንት ነበር። በአካለ ጉዛይ የካቶሊክ ሃይማኖትም ገብቶ ነበር። አቡነ ያዕቆብ እየተባሉ የሚጠሩት ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ በዚያው አውራጃ አስተምረው በ1852 ዓ.ም. ሲያርፉ በሄቦ ተቀበሩ። ባሕታም እነዚሁ ላዛሪስት የሚባሉ ሚሲዮናውያን ያስተማሩትን ሃይማኖት ተቀብለው ካቶሊክ ሆኑ። ይህ ነገር በኋላ ለሚመጣው ክርክር አንዱ ምክንያት ስለሚሆን አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እለምናለሁ።

በ1867 ዓ.ም. ገደማ ባሕታ የአፄ ዮሐንስን አጎት የራስ አርአያን ልጅ፣ እምባዬን፣ በተነሣ ግጭት ገደሉ። የንጉሥ ዘመድ የገደለ ሰው በቀዬው ተቀምጦ ማደር አይችልምና ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሽፍትነት በቆላውና በጠረፉ ኖሩ። አስመራ ላይ ተቀምጠው መረብ ምላሽን ይገዙ የነበሩት ራስ አሉላም ለእርሳቸው የሚያስፈሩ ጠላት ነበሩ።

ኢጣልያኖች ምጽዋን የያዙት በጥር ወር 1877 ዓ.ም. ነው። በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር ተመቱ፤ ነገር ግን አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ ወደ ደጋው ለመውጣት መንገድ አገኙ። ባሕታ ሐጎስም የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው በሚል ስሜት ተከታዮቻቸውን ይዘው ለኢጣልያኖች አደሩ። ባንዳ የሚለው ቃል መጀመሪያ በኢጣልያንኛ የጦር ጓድ ማለት ብቻ ነበር፤ በእኛ አገር የከዳተኛ መጠሪያ የሆነው በኋላ ነው። እንግዲህ ባሕታ በመጀመሪያው ትርጉም በርግጥ የባንዳ አለቃ ነበሩ። ኢጣልያኖች በ1881 ዓ.ም. ክረምት አስመራን ያዙ፤ በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. ቅኝ ግዛታቸውን ኤርትራ ብለው ሰየሙ፤ ባሕታንም በአካለ ጉዛይ ላይ ሾሟቸው። ይህንን የሕይወታቸውን ክፍል ደብቆ ጀግንነታቸውን ብቻ መናገር እውነትን በግማሽ መናገር ነው።

አሁን ወደ መሬቱ ነገር እንምጣ። ያ ዘመን ክፉ ቀን የሚባለው የረኃብ ዘመን ነበር። ኢጣልያኖች ለሠራዊታቸው በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች ሰበብ የገባው የከብት በሽታ በሬዎችን ጨርሶ ስለ ነበር ገበሬው የሚያርስበት አጣ፤ ብዙው ሕዝብ አለቀ፣ የተረፈውም ተሰደደ። ኢጣልያኖችም ሳይታረስ የተቀመጠውን መሬት አይተው ባለቤት የሌለው ነው አሉ። በ1884 ዓ.ም. ገዥ ሆኖ የተሾመው ጄኔራል ባራቲየሪ በሚያስተዳድርበት ጊዜ፣ ከ1885 እስከ 1887 ዓ.ም. ድረስ ብቻ ከ300,000 ሄክታር የሚበልጥ መሬት የመንግሥት ነው ተብሎ ተነጠቀ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ቢባል፣ ይህ ከ7,500 ጋሻ የሚበልጥ ነው። ሊዮፖልዶ ፍራንኬቲ የሚባል የኢጣልያ የምክር ቤት አባል ባወጣው እቅድም የኢጣልያ ድሆች ገበሬዎች ከነቤተ ሰባቸው በጎዶፈላሲ እንዲሰፍሩ ተደረገ። የተሰደደው ገበሬ ረኃቡ ሲያልፍ ወደ ርስቱ ሲመለስ ሌላ ሰው ሲያርሰው አገኘው።

እኛ የጨለለቅቱ ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጌዴኦ መሬት ጠባብ ነው፤ በአንድ ጓሮ ውስጥ እንሰቱ፣ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ ተደራርበው ይበቅላሉ፤ ቤተ ሰብ የሚኖረውም በዚያው ነው። ጓሮው የተወሰደበት ሰው የሚበላውንም፣ የሚሸጠውንም፣ አባቱ የተቀበረበትንም ቦታ በአንድ ቀን ያጣል። በ1952 ዓ.ም. በሚችሌ የጌዴኦ ገበሬዎች በባለመሬቶች ላይ የተነሡት ከቡናቸው በሚወሰድባቸው ድርሻ ምክንያት እንደ ነበረ ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል። ስለዚህ መሬት ሰውን ለጦር ያነሣል ሲባል ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም።

የአመፁ አፈጻጸም እንደሚከተለው ነው። በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ 1887 ዓ.ም. ደጃዝማች ባሕታ በሰገነይቲ የነበረውን የኢጣልያ መንግሥት ሹም ሌተናንት ሳንጊኔቲን ያዙና አሰሩ፤ ወደ አስመራ የሚሄደውን የቴሌግራፍ ሽቦ አስቆረጡ፤ ሕዝቡንም ከኢጣልያኖች አገዛዝ ነፃ መውጣቱን አስታውቀው ለጦር ጠሩ። በጥቂት ቀን ውስጥ 1,600 ያህል ሰው ተከተላቸው። ቀኑን አንዳንዶቹ ጸሐፊዎች ታኅሣሥ 6፣ ሌሎቹ ታኅሣሥ 7 ያደርጉታል። ሻለቃ ቶዜሊ ከአስመራ በፍጥነት ጦር ይዞ ወረደ፤ ወዲያው ከመግጠም ይልቅ መልእክት እየላከ ሲያዘናጋ ቆየ። ባሕታ ግን ሌሊት ሰገነይቲን ለቀው ወደ ትግራይ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ወደ ሐላይ ምሽግ ሄዱ። በዚያ ሻምበል ካስቴላጺ ከጥቂት ወታደሮች ጋር ነበር። ባሕታ ምሽጉን ከብበው ሲዋጉ ውለው ሊይዙት ሲቃረቡ ቶዜሊ ከኋላ ደረሰባቸው፤ ደጃዝማች ባሕታም በጦርነቱ መካከል ወደቁ። የሞቱበትንም ቀን ገሚሱ ታኅሣሥ 10፣ ገሚሱ ታኅሣሥ 11 ይለዋል። ወንድማቸው ሰንጋል ግን ከተረፉት ጋር ወደ ራስ መንገሻ ዮሐንስ ተሻገሩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም።

እስከዚህ ድረስ የቀን ልዩነት ካልሆነ በቀር ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚጀምረው ለምን ተነሡ ሲባል ነው። በእኛ በጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ሲፈርዱ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምተው አይነሡም፤ የሚናገረውን ሰው ቃል ብቻ ሳይሆን ሰውዬው ከነገሩ ምን እንደሚጠቀምም ይመለከታሉ። እኔም ምስክሮቹን በዚሁ ሥርዓት በየተራ ላቅርባቸው።

የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች ኢጣልያኖች ናቸው። እንደነርሱ አነጋገር አመፁን የጠነሰሱት ራስ መንገሻና አፄ ምኒልክ ናቸው። ለዚህም ማስረጃ የሚያደርጉት በጥር 8 ቀን 1887 ዓ.ም. በሰንዓፈ ራስ መንገሻ ጥለውት ከሄዱት ድንኳን ውስጥ አገኘናቸው የሚሏቸውን ደብዳቤዎች ነው። በተጨማሪም ፈረንሳውያን ላዛሪስቶችን አነሣሥታችኋል ብለው በዚያው ወር ከኤርትራ አባረሯቸው። ባራቲየሪም ትዝታውን በመጽሐፍ አሳትሞ ጥፋቱን በሌሎች ላይ አደረገ።

ሁለተኛዎቹ ምስክሮች የአገሬው ሰዎችና ከእነርሱ ሰምተው የጻፉት ናቸው። እነዚህ ባሕታ የተነሡት ስለ ሕዝቡ መሬትና መብት ነው ይላሉ። በዚህ ወገን አነጋገር ደጃዝማች ባሕታ ለቅኝ አገዛዝ መንበርከክን እንቢ ካሉት ቀዳሚዎች መካከል ናቸው። ነገር ግን ከነዚህ ተራኪዎች አንዳንዶቹ ባሕታ ለኢጣልያኖች ያገለገሉባቸውን ዓመታት ዘለል አድርገው ያልፋሉ።

ሦስተኛው አስተያየት ደግሞ የባሕታን የራሳቸውን ጉዳይ ያነሣል። ኢጣልያኖች የተጠራጠሯቸውን የአገር ሹማምንት እየሻሩ፣ በቀይ ባሕር ደሴት ላይ ባለው በናኩራ እስር ቤት ያጉሩ ነበር። ስለዚህ ባሕታ ተራው ወደ እኔ ይደርሳል ብለው ቢሰጉ አያስደንቅም። ሹመታቸው እንዳይወሰድባቸው ፈርተው ነው የሚሉ አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የታሪክ ሊቅ ሪቻርድ ኮልክም በ1986 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ አመፅ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትሟል።

እንግዲህ ሦስቱንም እንመዝን። ኢጣልያኖች ያሉት የደብዳቤ ነገር ከንቱ ነው አልልም። ራስ መንገሻ በሰኔ 1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ለአፄ ምኒልክ ገብተዋል፤ አፄ ምኒልክም ከዚያ አስቀድሞ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን አስታውቀው ነበር። ኢጣልያኖች በሐምሌ ወር ከሰላን ከድርቡሾች ስለ ወሰዱ ጦራቸው በምዕራብ በኩል ተበትኖ ነበር። ስለዚህ ባሕታ ከማዶ ረዳት መፈለጋቸውና ጊዜ መምረጣቸው የብልህ ሰው ሥራ ነው። ባሕታ ሐላይን ሊይዙ የሄዱትም ወደ ትግራይ የሚወስደውን መንገድ ለመክፈት ነበር።

ሆኖም ደብዳቤ ለአንድ ሹም ይጻፋል እንጂ ለ1,600 ገበሬ አይጻፍም። ያ ሁሉ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ጋሻና ጠመንጃውን አንሥቶ የተሰለፈው ራስ መንገሻ ለባሕታ ስለ ጻፉላቸው ሊሆን አይችልም። ደብዳቤ እንደ ክብሪት ነው፤ የደረቀ ሣር ከሌለ ክብሪት ብቻውን አገር አያቃጥልም። ሣሩን ያደረቀው መሬት መንጠቁ ነው። ደግሞም ባራቲየሪ መጽሐፉን ያሳተመው በዐድዋ ከተሸነፈና ለፍርድ ቀርቦ ከተለቀቀ በኋላ መሆኑን መርሳት አይገባም። አመፁን ያመጣው የመሬት አዋጄ ነው ቢል በራሱ ላይ በፈረደ ነበር። ሌላ ሰው አነሣሣብኝ ማለት ግን ከወቀሳ ያድናል። በላዛሪስቶቹም ላይ የቀረበው ክስ እንዲሁ በጥርጣሬ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም በእነርሱ ፈንታ ኢጣልያናውያን ካፑቺኖችን ለማስገባት በኤርትራ አዲስ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው ከአመፁ ሦስት ወር አስቀድሞ ነው። ሊያባርሩት የፈለጉትን ሰው ለመክሰስ ምክንያት አይጠፋም።

በሌላ በኩል ደግሞ ለሁለተኛዎቹም ምስክሮች ጥያቄ አለኝ። መሬት መነጠቅ የጀመረው በ1885 ዓ.ም. ከሆነ፣ የሐማሴንና የሠራዬ ገበሬ ርስቱን ሲያጣ ደጃዝማች ባሕታ የት ነበሩ? በሹመታቸው ላይ ነበሩ። የተነሡት ነገሩ ወደ ራሳቸው አውራጃና ወደ ራሳቸው ወንበር ሲቃረብ ነው። ይህን መናገር እርሳቸውን ማቃለል አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ የግል ስጋታቸውና የሕዝቡ በደል በዚያች በታኅሣሥ ወር በአንድ ላይ ገጠሙ። የፈራ ሹም ብዙ ጊዜ ሌላ ጌታ ይፈልጋል ወይም ይሸሻል፤ ባሕታ ግን ስለ ሁሉ መብት ተናግረው በዚያው ሞቱ። ሰው ሲጀምር ስለ ራሱ ቢጀምርም፣ ሲጨርስ ስለ ወገኑ ሊሆን ይችላል።

ይህ ዐይነት ክርክር በእኛ አካባቢ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከዐድዋ ድል ስድስት ወር ያህል በኋላ፣ በነሐሴ 1888 ዓ.ም.፣ በሩቅ ምሥራቅ የሚገኙት የፊሊፒን ደሴቶች ሰዎች በስጳኝ መንግሥት ላይ ተነሡ። መሪያቸው አንድሬስ ቦኒፋሲዮ ሲሆን፣ ካቲፑናን የሚባለው የምስጢር ማኅበራቸው በስጳኞች ስለ ተደረሰበት፣ በማኒላ አቅራቢያ ተሰብስበው የግብር ወረቀታቸውን ቀደው ዐመፁ። ታዲያ ይህ የተደረገው በየትኛው ቀንና በየትኛው መንደር ነው ሲባል፣ በቦታው የነበሩት ሰዎች ራሳቸው አልተስማሙም። አንዱ ባሊንታዋክ፣ ሌላው ፑጋድ ላዊን ይላል፤ ቀኑንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 23፣ 24 ወይም 26 የሚሉ አሉ። በ1911 እ.ኤ.አ. ለባሊንታዋክ ሐውልት ተሠርቶ በዓሉ በ26ኛው ቀን ይከበር ነበር፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ግን መንግሥት ፑጋድ ላዊንንና 23ኛውን ቀን መረጠ። ፊሊፒናውያን ስለ ቦታውና ስለ ቀኑ ቢከራከሩም፣ የግብር ወረቀቱን ለምን እንደ ቀደዱ ግን አይከራከሩም። በሰገነይቲ ነገር የእኛ ክርክር የሚከብደው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የአንድ ቀን ልዩነት ታሪኩን አይለውጠውም፣ የምክንያቱ ልዩነት ግን የሰውየውንና የሕዝቡን ስም ይለውጣል።

አመፁ በአንድ ሳምንት ቢያልቅም ያስከተለው ነገር ብዙ ነው። ባራቲየሪ ራስ መንገሻን ለመቅጣት መረብን ተሻገረ፤ በጥር 6 እና 7 ቀን 1887 ዓ.ም. በኩዓቲት፣ በማግሥቱም በሰንዓፈ ጦርነት ሆነ። ኢጣልያኖች ከዚያ አልፈው ዐዲግራትን ያዙ። አፄ ምኒልክም በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ አስነገሩ። ባሕታን በሐላይ ያሸነፈው ቶዜሊ አንድ ዓመት ሳይሞላው በኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ ተገደለ። የካቲት 23 ቀን ደግሞ በዐድዋ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ በ1890 ዓ.ም. ኤርትራን ሊገዛ የመጣው ፈርዲናንዶ ማርቲኒ ደጋውን በኢጣልያ ገበሬዎች የማስፈሩን እቅድ ተወው። ስለዚህ ደጃዝማች ባሕታ በሕይወት ሳሉ ያላገኙትን የሕዝቡ ጥያቄ ከሞቱ በኋላ በከፊልም ቢሆን መልስ አገኘ ለማለት ይቻላል። ይህም ራሱ ለሁለተኛዎቹ ምስክሮች የሚመሰክር ይመስለኛል፤ ጠላት የሚተወው የሚያቃጥለውን ነገር ነውና።

በክፍላችን ክርክር ከተሸናፊው ወገንም ከአሸናፊውም ወገን አልቆምሁም። ነገር ግን አንድ ነገር በልቤ ጸንቶ ቀርቷል። የተበደለ ሕዝብ ሲነሣ በዳዩ ሁልጊዜ ማን አነሣሣችሁ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ምን በደልኋችሁ ብሎ አይጠይቅም። አነሣሽ አለ ማለት ሕዝቡ በደሉን በራሱ ዐይን አያይም፣ በራሱ ልብ አይቆጭም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ ሳንመረምር ብንቀበል፣ የሰገነይቲን ገበሬ ብቻ ሳይሆን የየአገሩን ገበሬ ሁሉ ልብ እንደሌለው ቆጠርነው ማለት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ! የታሪክ መጽሐፍ ስታነቡ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን የጻፈውን ሰው፣ የጻፈበትንም ጊዜ ጠይቁ። ወላጆቻችንም ያያችሁትንና የሰማችሁትን እናንተ ሳላችሁ ንገሩን። የሐላይ ገበሬዎች ያዩትን በዚያን ጊዜ በብዕር አላሰፈሩትም፤ ስለዚህ ስለ እነርሱ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የጻፈው መሬታቸውን የወሰደው ሰው ሆነ። የእኛም የጌዴኦ ነገር እንዲሁ በሌላ ሰው አፍ ብቻ እንዳይቀር፣ የሽማግሌዎቻችንን ቃል መጻፍ የኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው።